ከተማ ያለች ልጃችሁን ቅዳሜና እሁድ ልትጠይቁ ነው? ከስልኩ እስከ ስንብቱ

ልጄ ከተማ ገብታ ቤት ከተከራየች በኋላ መጀመሪያ ልንጠይቃት የሄድን ጊዜ አምስት ነበርን። እኔ፣ አባቷ፣ ሁለቱ ታናናሾቿና እናቴ። ቤቷ አንድ መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን ነው። ሻወሩ አንድ። ትራሱ ሁለት። ከተባባልነው ሰዓት ቀድመን ደረስንና በሩን አንኳኳን። ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ፣ መጥረጊያ በእጇ እንደያዘች ከፈተችልን። "እንኳን ደህና መጣችሁ" አለች። ፊቷ ግን "ምነው ትንሽ ብትቆዩ" ይላል።

እኔ ደግሞ እጄ አርፎ አይቀመጥም። እሷ ልብሷን ለባብሳ እስክትወጣ የወጥ ቤት መደርደሪያዋን በሙሉ አውርጄ፣ ወልውዬ፣ መልሼ ደረደርኩት። እንደ ራሴ ቤት አድርጌ ማለት ነው። ወደ ቤታችን ከተመለስን በሳምንቱ ደወለች።

"እማዬ፣ ጨው የት ነው ያደረግሽው?"

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተመላልሰናል። አሁን "መቼ ነው የምትመጡት?" እያለች የምትደውለው እሷ ሆናለች። እዚህ ለመድረስ ግን ብዙ ተሳስተናል። እዚህ የምጽፈው በእነዚያ ስህተቶች መካከል የተማርነውን ነው። ሁሉም የሚመዘዘው ከአንድ ነገር ነው፤ ልጃችን ቤት ስንሄድ እንግዶቹ እኛ ነን። ሃያ ምናምን ዓመት የቤቱ አዛዥ ሆኖ ለኖረ ወላጅ ይህ ቶሎ አይዋጥለትም። እኔም እስካሁን አንዳንዴ ይጠፋብኛል።

ልጃችሁ ወንድ ከሆነም ነገሩ ያው ነው። የእኔዋ ሴት ስለሆነች "እሷ" እያልኩ እቀጥላለሁ።

አንደኛ፦ ቀኑን እሷ ትቁረጠው

"ልንመጣ ነው" ብላችሁ አትደውሉ። "እንምጣ ወይ?" ማለትም ብዙ አይሻልም። የትኛው ልጅ ነው ለእናቱ "አይ፣ ቅሩ" የሚለው? ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት ቅዳሜና እሁዶችን ጥቀሱላትና ትምረጥ። ምርጫ ሲኖራት የማይመቻትን ቀን ለመተው "አይሆንም" ማለት አይጠበቅባትም። ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ብትደውሉ ጥሩ ነው። ሥራዋ ፈረቃ ካለው ቀን ለመቀያየር ጊዜ ታገኛለች።

በዚያው ስልክ ላይ የምትጠይቋቸው ነገሮች አሉ። ቅዳሜ ሥራ አለሽ? ስንተኛ ፎቅ ነው? ሊፍቱ ይሠራል? አብራሽ የምትኖረው ልጅ ስለመምጣታችን ታውቃለች? የመጨረሻውን ብዙ ወላጅ ይረሳዋል። የቤት ኪራዩን ግማሽ የምትከፍል፣ አብራት የምትኖር ጓደኛ ልትኖራት ትችላለች። ቅዳሜ ጠዋት ከመኝታ ቤቷ ስትወጣ ሳሎኑ ሙሉ የማታውቀው ቤተሰብ ተኝቶ ልታገኝ አይገባም። አንዳንድ የኪራይ ውል ደግሞ እንግዳ ማሳደርን ይገድባል፤ ልጃችሁ ከአከራይዋ ጋር እንዳትጋጭ እሱንም አጣሩ።

የምትደርሱበትንና የምትወጡበትን ሰዓት አብራችሁ ወስኑ። የምትወጡበትን በተለይ። ዓርብ ከምሽቱ 1 ሰዓት ደርሳችሁ እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት ብትወጡ 44 ሰዓት ይሆናል። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ 16 ሰዓት ይወስዳል። መታጠቡ፣ መልበሱ፣ ጎን ማሳረፉ ቢያንስ 6 ሰዓት። የቀረችው 22 ሰዓት ናት። ይህቺን ቁጥር ያዟት፣ ቅዳሜን ስታቅዱ ትረዳችኋለች።

ሁለተኛ፦ ማን ይሂድ?

ሁሉም መሄድ ይፈልጋል። ሁሉም ግን አንዴ መሄድ የለበትም።

መጀመሪያ ደረጃውን አስቡት። አንድ ፎቅ ሦስት ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ በተለመደው አሠራር 17 ወይም 18 ደረጃ ማለት ነው። አራት ፎቅ መውጣት 70 ደረጃ መርገጥ ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። በዚያ የመጀመሪያ ጉዞ ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበርና በየፎቁ እያረፈች ወጣች። ከወጣች በኋላ ደግሞ "ስወርድ ምን ልሆን ነው?" ብላ እሁድ እስክንመለስ ከቤት አልወጣችም። የከተማውን መልክ ያየችው በመስኮት ብቻ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ቀድመን አልጠየቅንም።

የእኛ መፍትሔ በሁለት ዙር መሄድ ሆነ። አንዱን ጊዜ እኔና አባቷ፣ ሌላውን ጊዜ እኔና ታናናሾቿ። እናቴን የምንወስዳት ሊፍቱ መሥራቱ ተረጋግጦ፣ ዓርብ ጠዋት ልጄ በስልክ "ይሠራል" ስትለን ነው። በዙር ሲሆን ልጅቷም እያንዳንዳችንን በደንብ ታገኛለች። ከአምስት ሰው ጋር አንድ ላይ ማውራት ስብሰባ ነው።

ሦስተኛ፦ መኝታውን ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሱት

"እዚያ ስንደርስ እናየዋለን" የሚባለው ነገር ዓርብ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ጭቅጭቅ ይሆናል። ልጅቷ "አልጋዬ ላይ ተኙ" ትላለች፣ እናንተ "ኧረ በጭራሽ" ትላላችሁ፣ ሁሉም ተግደርድሮ ሁሉም ሳይመቸው ያድራል። በስልክ ጨርሱት። ማን የት እንደሚተኛ፣ ስንት አንሶላና ስንት ትራስ እንዳለ፣ ምን ይዛችሁ እንደምትመጡ።

ሶፋ ላይ የሚተኛ ሰው ካለ ሶፋውን አስለኩት። ከእጀታ እስከ እጀታ፣ በውስጥ በኩል። ባለቤቴ 1 ሜትር ከ82 ነው፣ ሶፋዋ 1 ሜትር ከ60። ጠዋት ላይ አንገቱ እንደ በር ማጠፊያ እየጮኸ ተነሳ።

በአየር የሚነፋ ፍራሽ ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ ይሆናል፤ ግን ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ማታ ሲነፋ ጠንክሮ ጠዋት ላይ ይለሰልሳል። ቀዳዳ ላይኖረው ይችላል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ አዲስ ከሆነ ደግሞ ላስቲኩ ራሱ ይለጠጣል። ስለዚህ ከሰዓት ነፍታችሁ አስቀምጡትና ልትተኙ ስትሉ ጨምሩበት። ሁለተኛ፣ ብርዱ የሚመጣው ከታች ነው። ውስጡ ያለው አየር የገላን ሙቀት እየወሰደ ወደ ወለሉ ያደርሰዋል። ሁለት ብርድ ልብስ ደርባችሁ ከላይ ከመልበስ አንዱን ከሥር ብታነጥፉት ይሻላል። ይህንን ሳናውቅ አንድ ሌሊት ሙሉ ተንቀጥቅጠናል።

ለአያት ግን የአየር ፍራሽ አይሆንም። ከወለሉ ዝቅ ብሎ መተኛቱን ትችለው ይሆናል፣ መነሳቱ ነው ችግሩ። አልጋው የእሷ ነው። ከአልጋው እስከ መጸዳጃ ቤት ባለው መንገድ ላይ ደግሞ ትንሽ መብራት ተዉ። ሰው በማያውቀው ቤት ሌሊት ሲነሳ እግሩ የሚሄደው የራሱን ቤት መንገድ ነው።

አራተኛ፦ ሻንጣና ስንቅ

ሻንጣው አጭር ወሬ ነው። ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ የየራሳችሁ ፎጣ፣ ቤት ውስጥ የሚደረግ ነጠላ ጫማ፣ ቻርጀር። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ይሁን እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይግባ። ከሁለት ቀን በላይ የሚበቃ ያዙ፤ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ኢንሱሊን ከሆነ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው መቀመጥ ያለበት፤ ነገር ግን በረዶው ላይ ለጥፋችሁ አትውሰዱት። አንዴ በረዶ ከሠራ አይሆንም፣ ይጣላል። በፎጣ ጠቅልላችሁ አጠገቡ አድርጉት።

ስንቁ ላይ ግን ቆም እንበል። እናት ባዶ እጇን አትሄድም፣ ይገባኛል። እኔም አልሄድም። ግን የልጃችሁን ፍሪጅ አይታችሁታል? ብዙ ተከራይ ያለው ወገብ ድረስ የምትደርስ ትንሽ ፍሪጅ ናት፤ ግማሿ ደግሞ የጓደኛዋ ነው። አንድ ጊዜ በትልቅ ድስት ይዤ ሄጄ አልገባ ብሎ፣ ዓርብ ማታ ሁላችንም ሳይርበን በላን። ሊበላሽ ስለሆነ።

እንዲህ ይሻላል። የተሠራውን ምግብ ከሁለት ቀን በፊት ለአንድ ሰው በሚበቃ መጠን በትንንሽ፣ ጠፍጣፋ ዕቃ ከፋፍሉት። ጥልቀቱ ከአምስት ሴንቲ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎም ይሟሟል፣ በፍሪዘሩ ውስጥም እንደ መጽሐፍ ይደረደራል። በረዶ እስኪሆን አሳድሩትና ጉዞው ቀን በወፍራም ፎጣ ወይም ሙቀት በሚከላከል ቦርሳ ጠቅልሉት። እርስ በርሱ ይቀዛቀዛል።

የሚጠበቀው ሕግ ቀላል ነው። የበሰለ ምግብ ወይ ከ4 ዲግሪ በታች ይቀዝቅዝ፣ ወይ ከ60 በላይ ይሙቅ። በመሃል ባለው ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ቀኑ በጣም ሞቃት ከሆነ፣ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ ከአንድ ሰዓት። ሥጋና ሩዝ ላይ በተለይ አትሟገቱ። "ሸተተ ወይ?" ብሎ ማሽተት ብዙም አይረዳም፤ የሚያሳምም ምግብ ሁሉ አይሸትም። መንገዱ ረጅም ከሆነ ደረቅ ደረቁን ያዙና ትኩሱን እዚያው አብራችሁ ሥሩ።

በየዕቃው ላይ ምን እንደሆነና ቀኑን ጻፉበት። ልጄ አንዴ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሦስት ወር ያስቀመጠችውን ነገር አግኝቼ ስቄም አዝኜም ነበር።

አምስተኛ፦ መንገዱ

ከአራት ሰዓት በላይ የሚቀመጥ ሰው በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነስቶ እግሩን ያፍታታ። ብዙ ሰዓት አጥፎ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ በዕድሜ ለገፉና ለነፍሰ ጡሮች አደጋው ይበልጣል። መነሳት ካልተቻለ ቁርጭምጭሚትን ማዞር፣ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ። ውሃ ጠጡ። "መጸዳጃ ቤት እንዳልቸገር" ብሎ ውሃ መተው የተለመደ ነው፣ ግን ደግ አይደለም።

መንገድ የሚያዞረው ልጅ ካለ ፊት ለፊት በኩል ይቀመጥ፣ ርቆ ወዳለው መንገድ ይመልከት። ስልክ አትስጡት፤ ዝም ቢልላችሁም ትንሽ ቆይቶ ያስመልሰዋል።

አንድ ሰዓት ሲቀራችሁ ደውሉላት ወይም ጻፉላት። ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ደግሞ በሩን አታንኳኩ። ሰፈሯ ውስጥ ሻይ ጠጡ። ያ ቀሪ ግማሽ ሰዓት ለቤት ያዥ ወርቅ ነው፤ ልብስ ከወንበር ላይ የሚነሳው፣ መታጠቢያ ቤት የሚጠረገው ያኔ ነው። እንግዳ ሲመጣባችሁ እናንተም እንደዚያው ታደርጉ አልነበር?

ስድስተኛ፦ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት

ጉብኝቱ የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ገብታችሁ ቁጭ በሉ። እሷ "ቤቱን ላሳያችሁ" እስክትል ጠብቁ። ስታሳያችሁ ተከትላችሁ ሂዱ፣ ያሳየቻችሁን እዩ፣ የዘጋችውን በር አትክፈቱ። ከዚያ አንድ ነገር ፈልጋችሁ አመስግኑ፤ የውሸት ሳይሆን የምር ያያችሁትን። "መስኮትሽ ብርሃን ያስገባል" ማለት ይበቃል። ልጅ ስንት ዓመት ይሁነው የወላጁን ዓይን ይከተላል። ዓይናችሁ ጣሪያው ጥግ ላይ ያለውን ድር ሲያይ እሷ አይታችኋለች፤ አፋችሁ ዝም ቢልም።

የማይባሉ አሉ። "ይቺን ነው በዚህ ገንዘብ የተከራየሽው?" አይባልም። "ከስተሻል"፣ "ወፍረሻል" አይባልም፤ ከደጅ ገና ሳይገቡ የሚባለው ነገር ሁልጊዜ እሱ መሆኑ ይገርመኛል። "ፍሪጁ ባዶ ነው" አይባልም፤ ለመሆኑ ማን ክፈቱ አላችሁ?

የሚጠየቁ ደግሞ አሉ። ሻንጣውን የት እናስቀምጥ? የትኛውን ፎጣ እንንካ? ምድጃው እንዴት ነው የሚለኮሰው? በሩ እንዴት ነው የሚቆለፈው? የዋይፋዩ ቁጥር ስንት ነው? የመጨረሻውን ታናናሾቹ ጫማቸውን ሳያወልቁ ስለሚጠይቁት እናንተ አትድከሙ።

እጄ አርፎ አይቀመጥም ለምትሉ፣ እንደ እኔ ላላችሁ፣ አንድ ዘዴ አለኝ። የሚታጠብ ዕቃ ካለ እጠቡ፣ ግን ወደ መደርደሪያው አትመልሱት። አድርቃችሁ ጠረጴዛ ላይ ተዉት። ቦታውን የምታውቀው እሷ ናት። በዚህች ብቻ ስንት የጨው ጥያቄ ይቀራል።

ሰባተኛ፦ ሙቅ ውሃውና ንጋቱ

የአነስተኛ ቤት ቦይለር ብዙ ጊዜ 50 ሊትር ይይዛል። ውሃው 60 ዲግሪ ቢሞቅና ከቀዝቃዛው ጋር ቢቀላቀል ለገላ የሚሆን 90 ሊትር ገደማ ይወጣዋል። ሻወር በደቂቃ 9 ሊትር ቢያፈስ ለአስር ደቂቃ ይበቃል ማለት ነው። አንድ ሰው ተዝናንቶ ከታጠበ አለቀ። እንደገና እስኪሞቅ ሁለት ሰዓት ገደማ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ግማሻችሁ ማታ፣ ግማሻችሁ ጠዋት ታጠቡ፤ ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ። ጓደኛዋ ቅዳሜ ሥራ የምትገባ ከሆነ የመጀመሪያው ተራ የእሷ ነው። ይህን ሳታስቡበት ከቀራችሁ ቀዝቃዛውን የምትታጠበው ሁልጊዜ ቤት ያዧ ናት፤ ማለትም ልጃችሁ።

የእንቅልፍ ነገርም አለ። የሰው የውስጥ ሰዓት በጣም የሚዘገየው በ20 ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር እየቀደመ ይመጣል። እሷ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኝታ ረፋዱ ላይ ስትነሳ ሰንፋ አይደለም። እናንተም 11 ሰዓት ላይ ዓይናችሁ ቢፈጥ ጥፋታችሁ አይደለም። ባለቤቴ ግን ያን ጊዜ ተነስቶ በቀስታ ነው የሚለው ቀስታ አለው፤ ብርጭቆ ይፈልጋል፣ ቧንቧ ይከፍታል፣ ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ ያዳምጣል። ቀጭን ግድግዳ ባለው ቤት ዝቅ የሚባል ሬዲዮ የለም።

አሁን ማታውኑ ልብሱንና የቤቱን ቁልፍ በሩ አጠገብ አስቀምጦ ያድራል። ሲነጋጋ ወጥቶ ሰፈሩን ይዞራል። ዳቦ ገዝቶ ይመለሳል። ከልጄ ይልቅ እሱ ነው ጎረቤቶቿን የሚያውቀው።

ስምንተኛ፦ ቅዳሜን አታጨናንቁት

22 ሰዓቷን አስታውሱ። ከተማውን ሁሉ በአንድ ቀን ለማየት የወጣ ቤተሰብ ማታ ላይ ተኮራርፎ ይመለሳል። አንድ መውጫ ይበቃል። ጠዋት ውጡ፣ ምሳ ብሉ፣ ከሰዓት ጎናችሁን አሳርፉ።

የት እንሂድ ለሚለው፣ ሐውልቱና አደባባዩ የትም አይሄድም። እኔ የምወደው የእሷን ተራ ቀን ማየት ነው። ወደ ሥራ የምትሄድበትን መንገድ፣ አትክልት የምትገዛበትን ቦታ፣ ሲከፋት የምትቀመጥበትን ወንበር። "ሥራ የምትገቢበትን መንገድ አሳዪን" ብያት እንደ አስጎብኚ ከፊት ከፊት እየሄደች "እዚህ ጋ ሁልጊዜ አንድ ድመት አለ" ስትለኝ፣ ድመቱም በእርግጥ ነበር። ከዚያ በኋላ በስልክ "እየሄድኩ ነው" ስትለኝ የት እንደደረሰች ይታየኛል።

መሪዋ እሷ ትሁን። ፍጥነቱ ግን በጣም ቀስ ብሎ በሚሄደው ሰው ልክ ይሁን። ጤነኛ ጎልማሳ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ የታመመ ጉልበት የዚያን ግማሽ። ካርታው "20 ደቂቃ" ካላችሁ ለአያት 40 ነው። መቀመጫና መጸዳጃ ቤት ያለበትን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከመውጣታችሁ በፊት የልጃችሁን ስልክ ቁጥርና አድራሻ በወረቀት ጽፋችሁ ለሁሉም በኪስ ስጡ። በስልክ ላይ አለ አትበሉ፤ ሰው የሚጠፋው ባትሪው ያለቀ ዕለት ነው። "ከተለያየን እዚህ እንገናኛለን" የምትሉትን ቦታም በዓይን አሳዩአቸው። ለልጆች "የጠፋ ሰው ባለበት ይቁም፣ የሚፈልገው ይምጣ" በሉ። ሁለቱም ወገን እየዞረ ሲፈላለግ ነው ሰዓቱ የሚያልቀው።

ዘጠነኛ፦ አንድ ነገር ጠግኑ፣ እሷ የመረጠችውን

ለወላጅ እጅ ሥራ መስጠት ያስፈልጋል። ግን ሥራውን እሷ ትምረጥ። "ካለው ሁሉ አንድ ነገር ብንሠራልሽ ምን ይሁን?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ የመጽሐፍ መደርደሪያ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ "ቧንቧው" አለች። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ፣ ጠብ ይላል። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ከሆነ በቀን 86,400 ነው፤ አንድ ባልዲ ሙሉ ውሃ።

እንዲህ አደረግን። መጀመሪያ ከሲንኩ ሥር ያለውን የውሃ መዝጊያ ዘጋን። ቧንቧውን ከፍተን የቀረው ውሃ እንዲወርድ ተውነው። የሲንኩን ቀዳዳ በጨርቅ ደፈንን፤ ብሎኗ እዚያ ከገባች የሰንበቱ ሥራ ሌላ ይሆናል። እጀታውን በካቻቢቴ ፈትቼ፣ ከሥሩ ያለውን ብረት እንዳይቧጨር በጨርቅ ይዤ በመፍቻ አወጣሁት። እሷ የስልኳን መብራት ይዛልኛለች። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ጎማ ደርቃ፣ መሃሏ ላይ ቀለበት የመሰለ ቦይ ተቆፍሮባታል። ጥፋተኛዋ እሷው ናት። ጎማዋን ይዘን ወርደን የምትመስላትን ገዛን፤ በግምት አይገዛም፣ ስፋቱ ይለያያል። መልሰን ስንገጥም ከመጠን በላይ አላጠበቅነውም፤ አዲሷን ጎማ ቶሎ የሚበላት እሱ ነው።

ይህ የሚሠራው ብዙ ጊዜ እየተዞረ በሚዘጋው ቧንቧ ላይ ነው። በአንድ ዘንግ ወደ ላይና ወደ ጎን የሚከፈተው ውስጡ ሌላ ነው፤ እሱን ለባለሙያ ተዉት። የተከራየችው ቤት ስለሆነም አከራይዋን ሳትጠይቅ ግድግዳ አትብሱ፣ የኤሌክትሪክ መስመር አትንኩ።

መብራቱን ይዛ እያለች ነበር ከሥራ ልትለቅ እንደምታስብ የነገረችኝ።

አሥረኛ፦ ትልቁ ወሬ

ይህንን ነው ከቧንቧው የተማርኩት። ፊት ለፊት ተቀምጦ "እስቲ ንገሪኝ፣ ኑሮ እንዴት ነው?" ሲባል ልጅ "ደህና ነው" ይላል። ጎን ለጎን ሲሆን፣ ዕቃ ሲታጠብ፣ ሲኬድ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ወሬ ራሱ ይመጣል። ለእያንዳንዳችሁ ከእሷ ጋር ለብቻ ግማሽ ሰዓት ፈልጉ። አባቷ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ አንዳንዴ አብራው ትወጣለች።

ትዳርን፣ ደመወዝን፣ ሃይማኖትን በምሳ ጠረጴዛ ላይ፣ ታናናሾቿና ጓደኛዋ ባሉበት አታንሱ። ከተነገራችሁ ደግሞ ቶሎ አትፍረዱ። "ሥራ ልለቅ ነው" ስትለኝ አፌ ላይ አምስት ነገር መጣ። ዋጥኩት። "ብሎኗን አቀብዪኝ" አልኳት። ከዚያ የቀረውን ራሷ ነገረችኝ።

አሥራ አንደኛ፦ ሂሳብ ማን ይክፈል?

ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ መንገዱና ትልቁ የምግብ ወጪ የእናንተ ይሁን፣ አንድ ነገር ደግሞ እሷ ትጋብዛችሁ። ስትጋብዝ ዋጋውን እያያችሁ "ይሄን ሁሉ?" አትበሉ፣ አስተናጋጁ ፊትም አትታገሉ። አባቷ አንዴ የከፈለችውን ገንዘብ ትራሷ ሥር ትቶላት መጣ። ስታገኘው አልቅሳ ደወለች። የደስታ አልነበረም። ልትረዷት ካሰባችሁ በግልጽ፣ በሌላ ቀን፣ ጠይቃችሁ ስጧት።

አሥራ ሁለተኛ፦ እሁድ

ሻንጣውን ከቁርስ በፊት አዘጋጁ። ከቁርስ በኋላ ከተባለ እስከ ምሳ ድረስ እያንዳንዱ ሰው አንድ ካልሲ ሲፈልግ ይውላል። አንሶላውን አንሱና "ይታጠብ ወይስ ይታጠፍ?" ብላችሁ ጠይቁ። ፍራሹን አስተንፍሱ። ቆሻሻውን ስትወርዱ ይዛችሁት ውረዱ፣ አምስት ሰው በሁለት ቀን የሚያወጣው ቆሻሻ ቀላል አይደለም። ለጓደኛዋም ለብቻ አመስግኑ፤ ሁለት ቀን ቤቷን አጋርታችኋለች።

በተባለው ሰዓት ውጡ። "እስኪ ትንሽ ቆዩ" ብትላችሁም ውጡ። ሰኞ ሥራ አላት። ልብስ ማጠብ አለባት፣ ዝም ብላ መተኛትም አለባት። በር ላይ የሚቆመው ስንብት እኛ ዘንድ ሌላ ጉብኝት ነው፤ ሻንጣ ተይዞ፣ ጫማ ተደርጎ ግማሽ ሰዓት። እኛ አሁን ሳሎን ተቀምጠን እንሰናበትና በሩ ላይ ስመናት ብቻ እንወጣለን።

ስትደርሱ ደውሉላት፣ አጭር ይሁን። የጉዞ ግምገማ የሚደረግበት ስልክ አይደለም። ያያችሁት የሚያሳስብ ነገር ካለ ሦስት አራት ቀን አሳድሩት፤ ግማሹ በራሱ ይረሳል፣ የቀረውን ረጋ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ።

የረሳችሁት ዕቃ ይኖራል። መውጫ ላይ ከትራስ ሥር፣ ከሻወር ቤት መስቀያና ከግድግዳ ሶኬት ላይ ፈልጉ፤ የእኛ ዕቃ ሁልጊዜ የሚቀረው ከእነዚህ በአንዱ ነው። መድኃኒት ካልሆነ በቀር ከመንገድ አትመለሱ። ባለፈው የባለቤቴ የማንበቢያ መነጽር ቀረ። ልጄ ፎቶ አንስታ ላከችልንና "በፖስታ ልላከው?" አለች።

"ይቀመጥ" አላት አባቷ። "ስንመጣ እወስደዋለሁ።"